የመናኝ ዕዳ

ሰው ሆኖ የተወለደ ሁሉ ባለዕዳ ሆኖ ይወለዳል። ዘጠኝ ወር በማኅፀንዋ የተሸከመችው እናት፥ አርሶ ቆፍሮ ያበላው አባት፥ ፊደል ያስቈጠረው መምህር፥ በታመመ ጊዜ የጠየቀው ጎረቤት፥ ከሁሉም በላይ እስትንፋስን የሰጠው ፈጣሪ፥ ሁሉም ከእርሱ የሚፈልጉት አላቸው። ታዲያ ሰው ዓለምን ንቆ፥ ቤቱን ትቶ፥ ስሙን ለውጦ በሄደ ጊዜ ይህ ዕዳ ምን ይሆናል? ከልብሱ ጋር አውልቆ ይጥለዋልን? ወይስ በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው ገዳማት ለበዙባት አገር ሰዎች እንግዳ አይደለም። ዳሩ ግን ሰው የገዛ ፊቱን ያለ መስተዋት ማየት ስለማይችል፥ ነገሩን በሩቅ አገር እንመለከተው ዘንድ መርጠናል፤ ይኸውም ከጥንት ጀምሮ ከአገር ወደ አገር የሚዞሩ መናንያን በበዙባት በህንድ ነው። «ሃይማኖታቸው ከሃይማኖታችን ከማይገናኝ ሰዎች ምን ትምህርት ይገኛል?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ አባቶቻችን እንዲህ እንዳላሉ እናስታውሰዋለን። በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያስተማረው ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ የህንድን መናንያን በመጽሐፉ አንሥቷቸዋል። በአገራችንም የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውልናል። መጽሐፉ አንድ የህንድ ንጉሥ ልጅ በመናኝ ትምህርት ክርስቲያን ሆኖ መንግሥቱን እንደ ተወ ይናገራል፤ የታሪኩም ሥር ቤተ መንግሥቱን ጥሎ የመነነው የቡድሃ ታሪክ መሆኑን የኋላ ዘመን ሊቃውንት መርምረው አሳይተዋል። እንግዲህ የህንድ ምናኔ ወሬ ወደ መጻሕፍት ቤታችን ከገባ ከ450 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ከቡድሃ ወገን ስላልሆኑት፥ ሂንዱ ስለሚባለው የብዙኃኑ ሃይማኖት መናንያን ነው።

በህንድ አገር መናኝ በተለመደው ስሙ «ሳዱ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ቅን፥ ደግ ሰው ማለት ነው። ዓለምን በሥርዐት የተወው ደግሞ «ሳንያሲ» ይባላል፤ ይህም ሸክሙን ፈጽሞ ያስቀመጠ እንደ ማለት ነው። በማኑ ስም የሚጠራው ጥንታዊ የሕግ መጽሐፋቸው የሰውን ዕድሜ በአራት ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ክፍል ልጁ በመምህር ቤት ይማራል፤ በሁለተኛው ሚስት አግብቶ ቤት ይሠራል፤ በሦስተኛው ፀጉሩ ሸብቶ፥ ቆዳው ተሸብሽቦ፥ የልጅ ልጅ ባየ ጊዜ ወደ ዱር ፈቀቅ ይላል፤ በአራተኛው ሁሉን ትቶ ብቻውን ይዞራል። ልብ ልንለው የሚገባን፥ ያው የሕግ መጽሐፍ ሰው ሦስት ዕዳ እንዳለበት ማስተማሩን ነው። የጠቢባንን ዕዳ በመማር፥ የአባቶችን ዕዳ ልጅ በመውለድ፥ የአማልክትን ዕዳ መሥዋዕት በማቅረብ ይከፍላል። እነዚህን ሳይከፍል ነጻ መውጣትን የሚሻ ሰው ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ እንደማይሄድ መጽሐፉ ያስጠነቅቃል።

ዳሩ ግን በዚያው አገር ሌላ ጥንታዊ ትምህርት አለ፤ ይኸውም ሰው ልቡ ዓለምን በናቀበት በዚያው ቀን፥ ተማሪም ቢሆን ባለትዳርም ቢሆን፥ ወጥቶ ሊሄድ ይችላል የሚል ነው። እነዚህ ሁለት ትምህርቶች እጅግ ብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው ዕዳን ከፍሎ መሄድን ያዛል፤ ሁለተኛው በተጠሩበት ዕለት መሄድን ይፈቅዳል። ስለዚህ እኛ የጠየቅነውን ጥያቄ የህንድ ሰዎች ከእኛ አስቀድመው ጠይቀውታል፥ ተከራክረውበታልም።

የምናኔው ሥርዐት ራሱ የሚያስደንቅ ነው። የሚመንነው ሰው ለሙታን የሚደረገውን ሥርዐት ገና በሕይወት ሳለ ስለ ራሱ ይፈጽማል። ፀጉሩን ይላጫል፤ ከከበረው ወገን የተወለደ እንደሆነ የልደቱ ምልክት የሆነውን ክር ከትከሻው ያወርዳል፤ የቤቱን የመሥዋዕት እሳት ይተዋል፤ አባቱ ያወጣለት ስም ቀርቶ መምህሩ ሌላ ስም ይሰጠዋል። በሞተም ጊዜ እንደ ሌላው ሕዝብ በእሳት አይቃጠልም፤ እሳትን አስቀድሞ ትቷልና ይቀበራል፥ ወይም አስከሬኑ ወደ ወንዝ ይጣላል። በእኛም ዘንድ መነኵሴ ሲመነኵስ የፍትሐት ጸሎት እንደሚደረግለትና ለዓለም እንደ ሞተ እንደሚቈጠር አንባቢ ያስታውሳል። በሁለቱም አገር የምናኔ መግቢያው ሞት ነው፤ ከሞቱ በኋላ የሚጠበቀው ግን አንድ አይደለም። ይህን ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ በጥንቱ ሕግ እንዲህ ተወስኗል። መናኙ በየቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይለምናል። የሚለምነውም ከማጀት ጢስ መውጣቱን ካቆመ፥ የሙቀጫ ድምፅ ዝም ካለ፥ ፍሙ ከከሰመ፥ ቤተ ሰቡም በልቶ ዕቃው ከተነሣ በኋላ ነው። ይህ ሥርዐት የተሠራው ከሕፃን አፍ እንዳይነጥቅ፥ ከተረፈው ብቻ እንዲቀበል ነው። ቢሰጡት እንዳይደሰት፥ ቢነሡት እንዳያዝን ታዝዟል። በአንድ ስፍራ ብዙ ቀን አይቀመጥም፤ የክረምቱ ዝናብ በመጣ ጊዜ ግን በእግሩ ተንቀሳቃሹን ነፍሳት ሁሉ እንዳይረግጥ መንገዱን አቁሞ በአንድ ቦታ ይሰነብታል። ልብሱ በቀይ አፈር የተነከረ የሚመስል ብጫማ ጨርቅ፥ ዕቃው በትርና የውሃ መያዣ ነው። ሁሉንም የሚተዉ፥ ራቁታቸውን ሆነው ሰውነታቸውን አመድ የሚቀቡም አሉ፤ እነርሱም «ናጋ» ይባላሉ።

እነዚህ መናንያን ሁሉ አንድ ማኅበር አይምሰሉን። በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተነሣው ታላቁ መምህራቸው ሻንካራ በዐሥር ስም የሚጠሩትን ማኅበራት እንዳደራጀ፥ በአገሩም አራት ማዕዘን በሽሪንጌሪ፥ በድዋርካ፥ በፑሪና በሂማላያ ሥር ባለው በጆሺማት አራት የትምህርት ገዳማት እንደ መሠረተ በትውፊታቸው ይነገራል። ከእነዚህ ሌላ ራማ የሚባለውን አምላካቸውን የሚያመልኩ ራማናንዲ የተባሉ እጅግ ብዙ መናንያን አሉ። ከዐሥሩ ስም ማኅበራት አንዳንዶቹ ካህናት ከሚወለዱበት ወገን በቀር ሌላ አይቀበሉም፤ ራማናንዲዎቹ ግን ሕዝቡ ከሚንቃቸው ወገኖች የተወለዱትን እንኳ ተቀብለዋል። ሴቶች መናንያትም አሉ፤ ቍጥራቸው ግን ከወንዶቹ ያንሳል። 13 ታላላቅ ማኅበራት በኩምብ ሜላ በዓል በአንድነት ይታያሉ፤ ይህም በዓል በአራት ቅዱሳት ከተሞቻቸው በየተራ የሚከበር የጥምቀት በዓል ነው። በ2025 በፕራያግራጅ፥ ጋንጋና ያሙና የሚባሉት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ በተደረገው በዓል በ45 ቀን ውስጥ የመጣው ሰው ቍጥር ከ660 ሚሊዮን እንዳለፈ የአገሩ መንግሥት ተናግሯል። በዚያው በዓል በጥር 29 ቀን በተነሣው መጨናነቅ ቢያንስ 30 ሰዎች ተረጋግጠው ሞተዋል። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ የመጡት በዚያው ውሃ ለመታጠብ ነበር።

ሕዝቡ ይህን ያህል ከመናኝ የሚፈልገው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ማየትን ብቻ ይፈልጋል። የህንድ ሰው ደገኛ ሰውን ማየትን ራሱን እንደ በረከት ይቈጥረዋል። ሁለተኛ፥ መናኙ ከሰሜን ተራራ እስከ ደቡብ ባሕር በእግሩ ሲዞር የአማልክታቸውን ታሪክ፥ መዝሙራቸውንና ትምህርታቸውን ማንበብ ለማይችለው ገበሬ በገበሬው ቋንቋ አድርሷል፤ ቋንቋው ብዙ፥ ነገሥታቱም ብዙ የነበሩትን ያን ሰፊ አገር በአንድ አሳብ ካስተሳሰሩት ነገሮች አንዱ የእነዚህ እግረኞች መንገድ ነው። ሦስተኛ፥ ዕፀዋትን የሚያውቅ መድኃኒት ይሰጣል፤ ከማንም ወገን አይደለምና የተጣሉትን ያስታርቃል። አራተኛ፥ ምጽዋት የሚሰጠው ባለትዳር ከእጁ ትሩፋት አገኛለሁ ብሎ ያምናል። ያው የማኑ የሕግ መጽሐፍም ባለትዳሩን ያከብረዋል፤ ሕያዋን ሁሉ በአየር እንደሚኖሩ ተማሪውም መናኙም በባለትዳሩ ይኖራሉ ይላልና። ይህ የሕግ ሰሪዎቹ ቃል መናኙን ከፍ ካለ መቀመጫው አውርዶ ከማጀቱ ደጃፍ ያቆመዋል።

ታሪካቸው ግን ጸሎትና ምጽዋት ብቻ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ህንድ ጎሳይን የተባሉ መናንያን በባናራስና በሌሎችም ከተሞች ትልልቅ ነጋዴዎችና አበዳሪዎች ነበሩ፤ ለነገሥታት በደመወዝ የሚዋጉ የመናንያን ጭፍሮችም ነበሩ። በ1770 በቤንጋል ታላቅ ረኃብ ሆኖ ሕዝቡ ባለቀ ጊዜ ሳንያሲዎችና ፋኪር የተባሉት የእስላም መናንያን በማኅበር እየተጓዙ ከእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ወታደሮች ጋር ለብዙ ዓመት ተዋግተዋል። ዓለምን የተወ ሰው ሰይፍና የብድር መዝገብ ሲይዝ ማየት ለእኛ እንግዳ ይመስለናል፤ ነገር ግን ከዚህ የምንማረው፥ ሰው ቤቱን ስለ ተወ ብቻ ዓለምን ተወ ማለት እንዳልሆነ ነው። ዓለም ከቤት ይልቅ በልብ ያድራልና።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። የመጀመሪያው ክስ የሚመጣው ከተተዉት ሰዎች ነው። አንድ ባል ሌሊት ተነሥቶ ቢመንን፥ መንገደኛው ሁሉ ተንበርክኮ እግሩን ይስመዋል፤ በቤት የቀረችውን ሚስቱን ግን ማን ይጠይቃታል? እርሱ ሞትን የመረጠው በፈቃዱ ነው፤ እርስዋ ግን መበለትነትን አልመረጠችም። የህንድ ሕግ ይህን ችግር ያውቀዋል። በ1955 የወጣው የሂንዱዎች የጋብቻ ሕግ፥ ባል ወይም ሚስት ወደ ምናኔ ማኅበር ገብተው ዓለምን ከተዉ የቀረው ወገን ፍቺ መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። በ1956 የወጣው ሌላ ሕግም ባልዋ ዓለምን ፈጽሞ የተወባት ሴት ልጅ ለማሳደግ ወስዳ የራስዋ ልታደርግ እንደምትችል ያመለክታል። ዳኞቹም ቢሆኑ ብጫ ጨርቅ የለበሰውን ሁሉ ለዓለም የሞተ አይሉትም፤ የመሞቱን ሥርዐት በእውነት መፈጸሙ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ። ሕጉ በዚህ ደግ አድርጓል። ነገር ግን ሕግ የጋብቻን ማሰሪያ ይፈታል እንጂ የተተወችውን ሴት እንጀራ አይጋግርም፥ ልጁም አባቴ ወዴት ሄደ ሲል መልስ አይሰጥም።

ይህ ክስ ስለ ታላላቆቹም ተነሥቷል። ስለ ሻንካራ በትውፊት የሚነገረው እንዲህ ነው። አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ ስለ ነበረ እናቱ እንዲመንን አልፈቀደችም፤ በመጨረሻ የፈቀደችው በሞትዋ ጊዜ መጥቶ እንዲቀብራት ቃል ከገባላት በኋላ ነው። ዘመንዋ በተፈጸመ ጊዜም መጣ። ዘመዶቹ ግን «መናኝ እሳትን ትቷልና ለሙታን ሥርዐት ሊያደርግ አይገባውም» ብለው እንጨት እንኳ አላቀብልም አሉት። እርሱም የሥርዐቱን ክልከላ አልፎ እናቱን በገዛ እጁ አቃጠላት ይባላል። ይህ ትውፊት በታሪክ ሚዛን ቢመዘን ምን ያህል እንደሚደፋ መናገር የእኛ ሥራ አይደለም፤ ሕዝቡ ግን ለብዙ መቶ ዓመት ጠብቆ ያቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመምህሩ ጥበብ ሁሉ ይልቅ ለእናቱ የገባውን ቃል መጠበቁ ሕዝቡን አሳርፎታል።

የእኛ አባቶችም ይህን አልዘነጉትም። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድል አባ እንጦንስ ንብረቱን ሸጦ ለድሆች ሲሰጥ ወላጆችዋ የሞቱባትን ታናሽ እኅቱን አልረሳትም፤ ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቷት ሄደ እንጂ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የቤተ ሰቡን ነገር የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቈጠራል ብሎ አስጠንቅቋል። ጌታችንም ለአባትና ለእናት የሚገባውን ርዳታ «ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ የሚከለክሉትን ሰዎች ወቅሷል። ከዚህ የምንረዳው ግልጽ ነው፤ የእግዚአብሔር ጥሪ ዕዳን በአደራ ያስተላልፋል፥ ለሌላ ትከሻ ያካፍላል፥ መልኩን ይለውጣል እንጂ እንደ ሌባ በሌሊት ዕዳን ጥሎ መሸሽን አያስተምርም።

ሁለተኛው ክስ የሚመጣው ምጽዋት ከሚሰጡት ሰዎች ነው። ጋንዲ በ1915 በሃሪድዋር በተደረገው የኩምብ በዓል ተገኝቶ ብዙ መናንያንን አየ፤ ከሕዝቡ ዕውቀት ማነስ የሚበሉ ግብዞችንም አይቶ አዘነ። በዚያው ስፍራ ለራሱ የገባው ስእለትም በቀን ከአምስት ዓይነት ምግብ በላይ ላይቀምስ ነበር። ለመናንያን መብዛት የሰጠው መልስ የራሱን ሆድ መወሰን መሆኑ ሊጤን ይገባል። ጥያቄው ግን ይቀራል፤ ደኻ ገበሬ ከልጆቹ እህል ቀንሶ የሚያበላው ሰው ለገበሬው ምን ይመልስለታል?

ለዚህ ጥያቄ ከመናንያኑ መካከል ራሳቸው መልስ የሰጡ ተነሥተዋል። በ1863 በካልካታ የተወለደው ቪቬካናንዳ መምህሩ ራማክሪሽና በ1886 ከሞተ በኋላ አገሩን በእግሩ እየዞረ የሕዝቡን ረኃብ አየ። በ1893 በአሜሪካ በቺካጎ በተደረገው የሃይማኖቶች ጉባኤ ተናግሮ ስሙ ከታወቀ በኋላ በ1897 የራማክሪሽናን ተልእኮ መሠረተ፤ የማኅበሩ መናንያንም ሕሙማንን ማስታመም፥ ሕፃናትን ማስተማር፥ በረኃብና በወረርሽኝ ጊዜ ሕዝብን መርዳት የምናኔያቸው ክፍል ሆነ። ወዲያውም በ1898 በካልካታ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ ገንዘብ ከጠፋ ለገዳም የተገዛውን መሬት እንሸጣለን እንዳለ ይነገርለታል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ሌላ ነው። አባቱ በ1884 ሲሞት ቤተ ሰቡ በድህነት ወድቆ ነበር፤ እርሱም ከመነነና በሁለት ክፍለ ዓለም ከታወቀ በኋላ እንኳ የእናቱ ነገር ከልቡ አልወጣም፥ ለኬትሪው ገዥ ለአጂት ሲንግ ጽፎም ለእናቱ በየወሩ መደጎሚያ እንዲሰጥለት ለምኗል። ለራሱ መለመንን የመረጠ ሰው ለእናቱ መለመንን አላፈረበትም።

ሌላው በ1889 የተወለደው ሳሃጃናንድ ሳራስዋቲ ነው። በትር ከሚይዙት ሳንያሲዎች ወገን ሆኖ ሳለ የቢሃር ገበሬዎች በባለርስቶች ግፍ ሲማቅቁ ባየ ጊዜ በ1929 የገበሬዎችን ማኅበር መሠረተ፤ በ1936ም መላው የህንድ የገበሬዎች ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ። በ1950 እስኪሞት ድረስ የመናኝ ልብሱን ሳያወልቅ ለእነርሱ ተከራክሯል። ያበላውን እጅ አውቆት ነበርና።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። እነዚህን ሰዎች ስናመሰግን፥ ሆስፒታል ያልሠራ፥ ማኅበር ያላቋቋመ መናኝ ሁሉ ሰነፍ ነው ብንል ፍርዳችን የተጣመመ ይሆናል። በዋሻ ዝም ብሎ የተቀመጠውስ ምንም አይሰጥምን? እኛ ይሰጣል እንላለን። ነጋዴው በገበያ መካከል በአንድ እፍኝ ዱቄት የሚበቃውን፥ በወርቅ የማይገዛውን፥ በማስፈራራት የማይመለሰውን ሰው በዐይኑ ሲያይ፥ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን ሚዛኑን ይጠራጠራል። ንጉሥም ምንም የማይፈልግበትን ሰው ሲያገኝ እውነትን ከማን እንደሚሰማ ያውቃል። ይህ ምስክርነት ለአገር ትልቅ ሀብት ነው። ዳሩ ግን ይህ ሀብት የሚጠፋበት መንገድ አንድ ነው፤ ምስክሩ ራሱ የተገዛ ዕለት ሀብቱ ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ለዚህ ነው በመናኝ ልብስ የሚሠራ ኃጢአት ከሌላው ኃጢአት የሚከብደው፤ አንድ ሰውን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ እውነተኛ ሰው ይገኛል ብሎ ማመኑን ይገድላልና። በ2017 እና በ2018 የህንድ ፍርድ ቤቶች ብዙ ሺህ ተከታይ የነበሯቸውን ሁለት ዝነኛ የመንፈስ መምህራን በሴቶች ላይ በፈጸሙት አስገድዶ መድፈር ፈርደውባቸዋል። ልጃገረዶቹን ወደ እነርሱ ደጅ ያደረሳቸው የቤተ ሰቦቻቸው እምነት ነበር።

ስለዚህ የሰጪውም ዕዳ አለ። ምጽዋት ስጥ ተብለናል፤ የተራበውን ስናበላ ልቡን መርምረን እንድናበላው አልታዘዝንም። ዳሩ ግን እንጀራና ሕሊና አንድ አይደሉም። እንጀራን ለለመነ ሁሉ ልንሰጥ እንችላለን፤ ሕሊናችንን፥ ልጆቻችንን፥ የቤታችንን ምሥጢር ግን የመናኝ ልብስ ስለ ለበሰ ብቻ ለማንም ልንሰጥ አይገባንም። ፍሬውን አይቶ ዛፉን ማወቅ የጌታችን ትምህርት ነው። መናኝን የሚያከብር ሕዝብ መናኝን የመመርመር ግዴታም አለበት፤ ሳይመረምር የሚያከብር ሕዝብ ለተኵላ የበግ ለምድ ይሰፋለታል።

ከቅርብ ዘመን አንድ ነገር ጨምረን እንናገር። በ2011 ኒጋማናንዳ የተባለ መናኝ በሃሪድዋር አጠገብ ከጋንጋ ወንዝ ድንጋይና አሸዋ መቈፈሩ እንዲቀር ሲል ለረጅም ጊዜ ጾሞ ሞተ። በዚያው ዓመት ጂ ዲ አግራዋል የተባሉ፥ በካንፑር የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማሩ የምህንድስና ሊቅ በስተርጅና መንነው አዲስ ስም ተቀበሉ፤ እርሳቸውም ወንዙ በግድብ እንዳይታፈን ሲጠይቁ በ2018 ለ111 ቀን ጾመው በጥቅምት 11 ቀን በ86 ዓመታቸው ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነፍሱን በገዛ ፈቃዱ ለሞት እንዲሰጥ አታስተምርም፤ ጾማችንም ሥጋን ለመግራት እንጂ ለመግደል አልተሠራምና ይህን መንገድ አናመሰግንም። ሆኖም ከነገሩ የሚታየውን መካድ አንችልም። እነዚህ ሰዎች ቤትና ስም ትተዋል፤ ለእነርሱ ግን ዕዳው አልቀረም። የአንድ ቤት ዕዳ ቢቀርላቸው ከወንዙ የሚጠጣው ሕዝብ ሁሉ ዕዳ በላያቸው መጣ። ምናኔ ዕዳን ቢለውጥ እንዲህ ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

ወደ ልዩነቱ እንመለስ ብለን ነበር። ሂንዱው መናኝ ለዓለም ሲሞት የሚጠብቀው ደግሞ ደጋግሞ ከመወለድ መፈታትን ነው፤ ይህን ዓለም ሊያመልጡት የሚገባ መንኰራኵር አድርጎ ያየዋል። በዚህ አሳብ መሠረት የባልንጀራ ፍቅር በመንገድ ላይ የሚገኝ መልካም ነገር ሊሆን ይችላል እንጂ የመንገዱ መጨረሻ አይደለም፤ ቪቬካናንዳም የምናኔን አሳብ ወደ ደኻው ለመመለስ ከገዛ ወገኖቹ ብዙዎችን መከራከር ያስፈለገው ስለዚህ ነው። እኛ ግን ለዓለም የምንሞተው ትንሣኤን ተስፋ በማድረግ ነው፤ የሚነሣውም ሰው ከወንድሞቹ ጋር ይነሣል፥ የሚጠየቀውም ስላበላው ረኃብተኛና ስለጠየቀው ሕመምተኛ ነው። ታላቁ ባስልዮስ ብቻውን ሊኖር ስለሚወድ መናኝ ሲጽፍ፥ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን አስታውሶ፥ ብቻህን ብትሆን የማንን እግር ታጥባለህ የሚል ጥያቄ አንሥቷል። እንግዲህ በሃይማኖታቸው መንገድ ዓለምን ማምለጥ የሚሹት ሰዎች ያበላቸውን ሕዝብ ዕዳ እስከዚህ ድረስ ከተሸከሙ፥ ፍቅር የመንገዱ መጨረሻ ነው ብለን የምናስተምር እኛ ምን ያህል ልንሸከም ይገባናል?

ይህን የምንጽፈው ሕዝቡን ብቻ ለመገሠጽ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፍን ካህናትና መምህራን ሁላችን አኩፋዳ ተሸክመን፥ በእመቤታችን ስም ለምነን፥ ከማናውቃቸው ሰዎች ማጀት በወጣ ቍራሽ ያደግን ነን። ዜማውም ቅኔውም ትርጓሜውም በዚያ ቍራሽ ላይ ተሠርቷል። ያን ቍራሽ የሰጡን እናቶች ስማችንን ሳይጠይቁ ሰጥተውናል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ለእነርሱ መክፈል ካልቻልን ዛሬ በደጃችን ለቆመው ልጅ፥ ታሞ ለተኛው ጎረቤት፥ ባልዋ ለተለያት ሴት መክፈል እንችላለን። አገልግሎታችንን በገንዘብ ስንተምን፥ የደኻውን ጸሎት አሳጥረን የባለጸጋውን ስናስረዝም፥ ያን ቍራሽ ክደነዋል ማለት ነው።

መመንን ለሚያስብ ወጣትም የምንመክረው ይህ ነው። ልጄ ሆይ፥ ጥሪው እውነተኛ እንደሆነ ማንም አይከልክልህ። ነገር ግን ከመሄድህ አስቀድሞ እናትህን ማን እንደሚጦራት፥ እኅትህን ማን እንደሚጠብቃት፥ ቃል የገባህላት ሴት ብትኖር ምን እንደምትሆን በአበ ነፍስህ ፊት ተናገር፤ አደራህንም ለታመነ ሰው ስጥ። ከሄድህም በኋላ የምትበላውን እንጀራ ማን እንደ ጋገረው በየቀኑ አስብ። ይህን አሳብ ያልረሳ መናኝ በዋሻም ቢቀመጥ ከወገኖቹ ጋር ነው።

ዕዳችንን አውቀን እንድንከፍል የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን አባቶቻችን ጸሎት ይርዳን፤ አሜን።